ይቅር የተባለ ወተት

እኔ ይታየው ነገረኛ ነኝ፤ አልክድም። ሰው ሲሳሳት እያየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ነገረኛ ብሆንም ግን አስታራቂ ነኝ። እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በሠርግ ጥሪ ሲኮራረፍ የሚጠራው እኔንና አባ ፈረደን ነው። አባ ፈረደ ይመርቃሉ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ በመሐሉ ሰው ይታረቃል። እንዲያም ሆኖ የገዛ እህቴ ባልና የገዛ እህቴ ልጅ ነገር ሲመጣ መላው ጠፋብኝ። እሱን ነው የምነግራችሁ።

እህቴ ሐረጓ የሞተችው ጎንደር ሳለን፣ ሰብለወርቅን ወልዳ ገና አራስ ሳለች ነው። ባሏ ማሐሪ ያን ጊዜ ጎረምሳ ገበሬ ነበር። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «ልጅቱን ለምታጠባ ሴት ስጥና አንተ ሌላ አግባ» አለው። እኔም ካሉት አንዱ ነኝ። እሱ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። ዳልቻ የምትባል ጥገት ነበረችው። እሷን በእጁ እያለበ፣ ወተቱን በጥጥ ነክሮ አፏ ላይ እያንጠባጠበ ያቺን ጨቅላ አሳደጋት። ትሞትበታለች ብለን ነበር። አልሞተችም፤ ወፍራም፣ ጯሂ ልጅ ወጣት።

ወደዚህ አገር ስንገባ ልጅቱ የወተት ጥርሷ ገና መነቀሉ ነበር። ማሐሪ እዚህ ከብት የለው፣ መሬት የለው፤ ሎሚና ብርቱካን የሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ጉልበቱን ጨረሰ። አንድ የቀረው ነገር ያቺ የወተት ወሬ ነበረች። ሠርግ ላይ ያወራታል፣ ልቅሶ ላይ ያወራታል፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ ያወራታል። «እቺን ልጅ እናት ሆኜ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ በነዚህ እጆቼ አልቤ» ይልና ሁለቱን እጁን ይዘረጋል። እኛ ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ» እያልን እናሾፍበታለን። ሰብለወርቅም «አባባ፣ ደግሞ ጀመረህ» ትለዋለች። አባቷን አንተ ነው የምትለው፤ ያስለመዳት ራሱ ነው። ስትለው ግን ደስ ብሏት ነው፤ ፊቷ ይናገራል።

ሚክላላ ገብታ፣ ኮሌጅ ማለቴ ነው፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆዷን አመማት። መጀመሪያ ደበቀችን። በኋላ መደበቅም አቃታት፤ የበላችው ሁሉ ያስቀምጣታል፣ ደም ይቀላቅላል፣ ቀሚሷ ላይዋ ላይ ይዋኝ ጀመር። ለሰው ነግራው የማታውቀውን ነገር ለእኔ ነገረችኝ፤ ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምታስበው መጸዳጃ ቤት የት የት እንዳለ ነው። ሐኪም ቤት ስትሄድ መልኳን አይተው «ኢትዮጵያዊት ናት፣ ትል ነው» አሉና የትል መድኃኒት ሰጧት። አልተሻላትም። ደግመው የትል መድኃኒት ሰጧት። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በልጅነቷ ከአገሯ የወጣች ልጅ፣ ምን ዓይነት ትል ነው ይህን ሁሉ ዘመን አብሯት የሚኖር አልኩ፤ የሚሰማኝ አልነበረም እንጂ።

መጨረሻ ላይ ዶክተር ሻሌቭ የሚባል የአንጀት ሐኪም ዘንድ ደረሰች። አንጀቷን በካሜራ አየና በሽታው ክሮን ይባላል አላት። አንጀት ያለ ሰበብ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይጠባል፤ ይታገሣል እንጂ ጨርሶ አይለቅም። ከአውሮፓ በመጡ አይሁዶች ላይ ነው የሚበዛው ሲላት ሳቀች። ለእኛም ስትነግረን «ይሁዲ ናችሁ አይደላችሁም እያሉ ስንት ዘመን አስለፉን፤ ይኸው በሽታቸውን ሰጥተው አጸደቁልን» አለች። ማሐሪም አብሮን ሳቀ። በዚህ ነገር ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ፋሲካ እንዳለፈ እንደገና ሐኪሙ ዘንድ ስትሄድ አብረናት ሄድን። ማሐሪ ዕብራይስጡ ስለማያስኬደው ከጎኗ ተቀምጦ አፏን ያያል። እሷ «ቆይ ግን ይሄ ነገር ከምን መጣብኝ?» ብላ ጠየቀች።

«በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም» አለ ሐኪሙ። «የሰውነትሽ ዘበኛ የገዛ አንጀትሽን እንደ ጠላት ይወጋዋል። በዘር የሚወረስ ነገር አለበት፤ ሆድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም እጃቸው ሳይኖርበት አይቀርም። ከብት የሚያሳምም አንድ ባክቴሪያ አለ፤ በወተት በኩል ወደ ሰው እየገባ ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። አልተረጋገጠም። ብዙዎቹ አይቀበሉትም።»

ሰብለወርቅ ይህን እንደ ቀልድ አድርጋ ለአባቷ ነገረችው። አልተረጋገጠም ማለቱንም ነገረችው፤ አንድ ቃል አላጎደለችም። እኔ እዚያው ነበርኩ። ማሐሪ ወደ ሐኪሙ ዞረና «ጠይቂልኝ እስቲ፣ ላሞቹ ሲታመሙ ምን ይሆናሉ?» አላት።

ጠየቀችው። ሐኪሙም «እየበሉ ይከሳሉ። ያስቀምጣቸዋል። አንዳንዴ ከመንጋጋቸው ሥር ያብጣሉ» አለ።

ማሐሪ ሌላ አልጠየቀም። ስንወጣ ኮፍያውን ረስቶት ወጣ፤ እኔ ነኝ ያነሳሁለት።

ከሰፈራችን ማቆሌት፣ ከሸቀጥ ሱቁ ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ሁለታችን ስንቀር ነው የነገረኝ። ዳልቻ ሰብለወርቅን ባሳደገች በዓመቷ መክሳት ጀመረች። ሣሩ ሞልቶላት ትበላለች፣ ጎኗ ግን ይቆጠራል። እበቷ ውኃ ሆነ። ከመንጋጋዋ ሥር አበጠች። እሱ ግን ልጁ ሌላ ስለማትቀበል እስክትነጥፍ ድረስ አለባት። «እያየሁ ነው ያጠጣኋት፤ በነዚህ እጆቼ» አለኝ።

ተቆጣሁ። «እኔም ከዳልቻ ወተት ጠጥቻለሁ፣ ይኸው ድንጋይ እፈጫለሁ! ሰፈሩ በሙሉ ጠጥቷል። ማን ታመመ?» አልኩት።

«እናንተ ነፍስ ካወቃችሁ በኋላ ነው የጠጣችሁ። እሷ ሌላ ነገር ቀምሳ አታውቅም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ወሬ ከአፉ ጠፋች። ሠርግ ላይ ቢጠየቅ «ተዉት» ይላል። የሻቩዖት በዓል ሲደርስ፣ አገሩ ሁሉ ወተትና አይብ የሚበላበት በዓል ነው፣ ምኩራብ ውስጥ አይቡ ሲቀርብ ተነስቶ ወጣ። ሰዎች አሞት ነው አሉ። እኔ ግን አወቅሁ። ልቡም ድሮውንም ደካማ ነበረች፤ እግሩ ያብጥ፣ ትንፋሹ ያጥር ጀመር።

ለልጅቱ ራሱ ነገራት። «ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ» አላት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በመጨረሻ አለቀሰች። ከዚያ እኔን አስከትላ ዶክተር ሻሌቭ ዘንድ ሄደች። መድኃኒቱ ፊቷን አሳብጦት ነበር፤ ዓይኗ ትንሽ ሆኗል።

«አባቴ በዚህ ነገር ሊሞትብኝ ነው» አለችው። «ይጠራልኝና ወተቱ አይደለም ይበሉልኝ።»

«ነው አላልኩም'ኮ።»

«አይደለምም አላሉም።»

ሐኪሙ ጠረጴዛውን አየ። «የማላውቀውን አይደለም ልል አልችልም። ማስረጃ የለም ማለት እችላለሁ። ያንን ደስ ብሎኝ እለዋለሁ» አለ።

በአንድ ቃል ሰው ሊያድን ይችል የነበረ ሰው ቃሏን ሲሰስታት ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደለም። ማሐሪን አስጠርቶ፣ ከወንበሩ ተነስቶ፣ እጁን ይዞ ነው ያናገረው። እንዲህ ያለ ወተት ጠጥተው ስንቱ ደህና እንደሆነ፣ ወተት ሳይቀምሱም ስንቱ እንደታመመ አስረዳው። ሰብለወርቅ ስታስተረጉም ሐኪሙ ያላለውን ጨመረችበት። «አይደለም ነው የሚልህ፣ አባባ። ወተቱ አይደለም።»

ማሐሪ ሐኪሙን ረጅም ጊዜ አየው። «አፍሽ ነው እንዲያ ያለው። የሱ ፊት እንዲያ አላለም» አላት።

«እሺ፣ ማስረጃ የለም አለ።»

«ማስረጃ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ላሚቱን አላያትም። እኔ አይቻታለሁ።»

በበጋው የጠበበውን አንጀቷን ቆርጠው አወጡላት። ቀዶ ሕክምናው በደህና ሄደ፤ እሷም ቀስ በቀስ ምግብ ይረጋላት ጀመር። ማሐሪን ግን ያ ነገር ጨረሰው። ከልጄ አንጀት ቆርጠው ጣሉ ይላል፣ ደጋግሞ። እኔ ዳነች ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ እሱ የተጣለውን ይቆጥራል።

ኪፑር፣ የስርየት ጾሙ ቀን፣ ሲቃረብ እኔንና አባ ፈረደን አስጠራን። አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ትንፋሹ ያርፋል ይነሳል። «ሽማግሌ ሁኑልኝ» አለ። «ልጄን በድያታለሁ። ሰው የበደለውን ሰው ይቅርታ ሳያገኝ እግዚአብሔር አይምረውም። ለእኔ የሚቀጥለው ኪፑር የለኝም።» ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ድረስ ሊሄድ አስቦ ነበር፤ በደለኛ አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ እንደሚወድቀው፣ እንደ አገራችን። ደረጃውን መውረድ ስላልቻለ ነው እኛን የጠራን።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸመግል አባት ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ አይቼ አላውቅም። ልጅ ነው አባቱ እግር ላይ የሚወድቅ። አባ ፈረደም ተጨነቁ። ግን እንደዚያ እያለከለከ ሲለምን እምቢ የሚል አንጀት የት ይገኛል? ነገሩ እንዳይሰማ ሦስተኛ ሽማግሌ ሳንጨምር፣ ሁለታችን ሮቫ ሔት ሄድን። ሰብለወርቅ እዚያ ከአንዲት ተማሪ ጋር ቤት ተከራይታ ነበር የምትኖር።

በሩን ስትከፍት ደስ አላት። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለችን። አባ ፈረደ ግን ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ከአባትሽ ተልከን ነው የመጣን» አሉ አባ ፈረደ። «በድያታለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ትማረኝ ብሎሻል።»

«ምን አድርጎኝ?»

«ስለ ወተቱ።»

ግድግዳውን ተደገፈች። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። «አባ፣ እኔ አባቴን አልምረውም። የምምረው ነገር የለኝማ። ማርኩህ ካልኩት አጥፍተሃል አልኩት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ትሞታለች ሲል እሱ አይደለም እንዴ ያተረፈኝ? ያ ወተት ባይኖር እኔስ የት ነበርኩ? በዚህ ይቅርታ አይጠየቅም፤ እኔም አልሰጥም።»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ቆሞ አይመለስም» አሉ አባ ፈረደ።

ጎንበስ ብላ የሁለታችንንም ጉልበት ሳመች። «አልበደለኝም ብላለች በሉት። ይሄንን ብቻ ንገሩልኝ።»

እውነቷን ነበር። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ከአፏ ማር ነው የወጣው። ቢሆንም ሳንቀመጥ ወጣን፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ከወጣ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አውቶቡሱ ላይ «አባ፣ ማረችህ እንበለው፤ ምን እንሆናለን?» አልኳቸው። አባ ፈረደ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተላከ ሰው የሰማውን ነው የሚያደርስ። እኛ ከጨመርንበት ሽምግልና ቀረ» አሉኝ።

ማሐሪ ታጥቦ፣ ነጭ ሸማውን ለብሶ ሲጠብቀን ደረስን። ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም።

«ተቀመጣችሁ?» ነው ያለው መጀመሪያ። ምን አለች እንኳ አላለም።

አባ ፈረደ «አባቴ አልበደለኝም ብላለች» አሉት።

«ማረችኝ ወይስ አልማረችኝም?»

«የሚማር ነገር የለም ነው ያለችው። ከምሕረት ይበልጣል'ኮ፣ ማሐሪ።»

«እሱን አልጠየቅኋትም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለእህቴ ልጅ ስል፣ ለሞተችው እህቴም ስል ስንት ተናገርኩት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። «ተወኝ ይታየው። ልጄ አልማረችኝም» ብቻ አለኝ። ከዚያ በኋላ ምግብ ሲያቀርቡለት ከንፈሩን ይዘጋል።

በማግስቱ ብቻዬን ሮቫ ሔት ተመልሼ ሄድኩ። ሰብለወርቅ የሆነውን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ አጎቴ? ዋሽቼ ልማረው?»

«አላውቅም» አልኳት። እኔ ለማንም አላውቅም ብዬ አላውቅም። «ያንቺ እውነት ያንቺ ነው። ትክክል ነሽ። ግን እሱ የያዘው ሸክም ላይ እውነትሽ አልደረሰችለትም። ይህ ሰው ከእንግዲህ በጤና የሚቀመጥ አይደለም። ሸክሙን እንዳለ አውርጂለት እንጂ ውስጡ ምንም የለም እያልሽ አታሸክሚው።»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ወደ ውጭ ወጣሁላት፤ ብቻዋን እንድታለቅስ ነው።

የኪፑር ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አውቶቡሶቹ ከመቆማቸው በፊት መጣች። መንገዱ መኪና እየጠፋበት፣ ሰፈሩ ነጭ እየለበሰ ነበር። ደረጃውን እያረፈች ወጣች፤ ሆዷ ላይ ያለው ቁስል ገና አልጠናም። ማሐሪ ሲያያት ሊነሳ ሞከረ፣ አልቻለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እነዚያን እጆቹን ሰብስባ ያዘች።

«አባባ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር» አለችው። «ያኔ ተናድጄ ነው የመለስኳቸው።»

«ልትናደጅ ይገባሻል።»

«አዎ።»

«ወተቱ ነው አይደል?» አላት። ትንፋሹን ይዞ ነው የጠየቃት።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ልጅቱ እጆቹን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻቸው። ዓይኑን እያየች «ወተቱ ነው» አለችው። «ከዳልቻ ወተት ነው የመጣብኝ። አሳምመኸኛል፣ አባባ። ብዙ ተሠቃይቻለሁ። ግን ማርኩህ። ከልቤ ማርኩህ።»

«ከልብሽ?»

«እግዚአብሔር ይስማኝ።»

ማሐሪ አለቀሰ። ከፋሲካ ወዲህ ያጠራቀመውን ሁሉ አለቀሰው። እጇን ሳመ፤ አባት የልጁን እጅ ሲስም ማየት አልቻልኩም፣ ዞር አልኩ። ከጾሙ በፊት ትንሽ ሾርባ በማንኪያ ሰጠችው፤ አንድ በአንድ ዋጠላት። ፊቱ ተፈታ፣ የድሮው ማሐሪ መሰለ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው፤ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ተኛ።

ሰብለወርቅ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከታች ሰዎች በነጭ ልብስ ወደ ምኩራብ ይሄዳሉ።

«ተኝቷል» አልኳት። «ሰላም አግኝቷል፣ ልጄ። ትልቅ ነገር ነው የሠራሽ።»

«አባቴ ልጁን መርዞ እንዳሳደገ ከእኔ አፍ ሰማ» አለች። «አምኖኝ ነው የሚሞተው።»

«ለሱ ብለሽ ነው'ኮ።»

«አውቃለሁ። አሁን ግን የበደልኩት እኔ ነኝ፣ አጎቴ። ዛሬ ኪፑር ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ብል ውሸቴን ልነግረው ነው፤ ከነገርኩት ደግሞ የሰጠሁትን መልሼ ልቀማው ነው። ሽማግሌ ብልክበትስ ምን ይሉታል?»

ስንቱን አስታርቄ የማውቅ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ መልእክት ግን ማንም ልኮኝ አያውቅም።  እሷም መልሴን አልጠበቀችም፤ ተነስታ ገብታ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ማሐሪ ኪፑርን አልፎ የዳስ በዓል ሲቃረብ ሞተ። እስከዚያ ድረስ ከአልጋው አልተለየችም። አጠበችው፣ አጎረሰችው፤ የሚጠይቀው ሰው ሁሉ ሲመጣ «ልጄ ምራኛለች» እያለ እየሳቀ ሲነግር ራሷን እየነቀነቀች «አዎ፣ ምሬዋለሁ» ትላለች። ይቅርታ ግን አልጠየቀችውም።